ያው አልበም፣ ሌላ ሸክላ፦ የትኛውን ልግዛ?

ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ የሸክላ መደርደሪያዬን ስትወለውል ሦስት "ሩመርስ" አገኘች። ሦስቱንም ሶፋ ላይ ደረደረቻቸውና "ይሄ ያው አይደል እንዴ?" አለችኝ። ሽፋኑ ያው ነው። ዘፈኑ ያው ነው። ፍሊትውድ ማክም ያው ፍሊትውድ ማክ ነው። "ያው አይደለም፣ ቆይ ላስረዳሽ" ብዬ ስጀምር ፊቷን አየሁትና ተውኩት። እሷ ያልሰማችኝን እናንተ ስሙኝ።

በምን እንደሰማ ሳይናገር ስለ ድምፅ የሚያወራ ሰው አላምንምና ከዕቃዬ ልጀምር። ማጫወቻዬ የኦዲዮ-ቴክኒካ ኤልፒ120 ነው። አብሮት የመጣውን መርፌ አውልቄ ቪኤም540ኤምኤል የሚባለውን አስገብቼበታለሁ፤ ጫፉ ቀጭን ስለሆነ ቦዩ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። አምፕሊፋየሩ ያገለገለ ያማሃ ነው። ስፒከሮቹ ከእኔ በጥቂት ነው የሚያንሱት፣ በዕድሜ ማለቴ ነው። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አፓርትመንት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ሌድ ዜፔሊን ክልክል ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

አሁን አንድ ነገር ካልገባን ሌላው ሁሉ አይገባም። ሸክላ እንዴት ነው የሚሠራው? ስቱዲዮ ውስጥ የተቀዳው ሙዚቃ ቴፕ ላይ አለ። አንድ ባለሙያ ቴፑን እያጫወተ፣ ላከር የተቀባ ለስላሳ ሳህን ላይ በማሽን ቦይ ይቆርጣል። ማረሻ ትልም እንደሚያወጣ በሉት። ቤዝ ሲበዛ ትልሙ ይሰፋል፣ ድምፁ ሲጮህም ይሰፋል፣ ሲሰፋ ደግሞ መሬት ይፈጃል፣ መሬቱ ካለቀ ዘፈኑ አይገባም። ስለዚህ ቆራጩ ሁልጊዜ ይደራደራል። ቤዙን ልቀንስ? ድምፁን ዝቅ ላድርግ? ወይስ እንዳለ ልልቀቀውና የሚሆነው ይሁን?

ከላከሩ ላይ የብረት ግልባጭ ይወሰዳል፣ ከግልባጩ ሌላ ግልባጭ፣ መጨረሻ ላይ ማተሚያው ብረት ይወጣል። ማተሚያው አንድ ሺህ ምናምን ሸክላ ካተመ በኋላ ይደክማል። ታዲያ አንድ ሚሊዮን ቅጂ የተሸጠ አልበም ስንት ላከር፣ ስንት ብረት፣ ስንት ፋብሪካ እንዳየ አስቡት። በየአገሩ የሚታተመው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዋናው ቴፕ ሳይሆን ከተላከለት ግልባጭ ነው። እኛ ካሴት ከካሴት ስንቀዳ ሦስተኛው ላይ ድምፁ እንዴት ይደበዝዝ እንደነበር የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ።

ታዲያ የትኛው የትኛው እንደሆነ በምን ይለያል? በሽፋኑ አይደለም። ዘፈኑ ባለቀበትና መሐል በተለጠፈው ወረቀት መካከል ያለችውን ባዶ ቀለበት ተመልከቱ። ብርሃን ላይ አዘንብላችሁ ካያችሁት የተጫሩ ፊደሎችና ቁጥሮች አሉ። መኪና ስትገዙ ቀለሙን ትታችሁ ሻንሲ ቁጥር እንደምታዩት ማለት ነው። አንዳንዱ ጽሑፍ ቀልድ ነው። የእንግሊዙ ቆራጭ ጆርጅ ፔካም "ፖርኪ" እያለ ይፈርም ነበር። የ"ሌድ ዜፔሊን 3" የመጀመሪያ ኅትመቶች ላይ ደግሞ "የፈቀድከውን አድርግ" የሚል ትርጉም ያለው የድሮ እንግሊዝኛ ተጭሮበታል። እኔ ሸክላ ቤት ስገባ በስልኬ መብራት ሸክላ ሳገላብጥ የሚያየኝ ሰው ሐሰተኛ ብር የምመረምር ነው የሚመስለው።

ከሁሉም ታሪክ የምወደው የ"ሌድ ዜፔሊን 2" ነው። አልበሙ በጥቅምት 1969 ወጣ። ለአትላንቲክ ሪከርድስ ላከሩን የቆረጠው ሮበርት ሉድዊግ የሚባል ያኔ ገና ወጣት የነበረ ባለሙያ ነው፣ ኒውዮርክ ውስጥ ስተርሊንግ ሳውንድ በሚባል ቤት። ሰውዬው ቴፑ ላይ ያለውን ሁሉ፣ ቤዙንም ጩኸቱንም፣ አልቀንስም ብሎ እንዳለ ቆረጠው። ከዚያ ሉድዊግ ራሱ እንደሚተርከው፣ የኩባንያው አለቃ አህመት ኤርተጉን አንዱን ሸክላ ለልጁ ይወስድላታል። የልጅቷ ማጫወቻ ርካሽ ነበርና መርፌው እየዘለለ አላጫውት አለ። አለቃው ሸክላው ብልሽት ያለበት መሰለው። በቃ፣ እንደገና ይቆረጥ ተባለ። በሁለተኛው ዙር ቤዙም ተቀነሰ፣ ድምፁም ዝቅ አለ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት አሜሪካ ውስጥ ሰው ሲሰማ የኖረው ያንን የተገራውን ነው።

የመጀመሪያው ዙር ባዶው ቀለበት ላይ "አርኤል" የሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደሎች አሉበት፣ አጠገባቸው "ኤስኤስ"። ዛሬ ንጹሕ የሆነ አርኤል ብዙ መቶ ዶላር ነው። በአንዲት ልጅ ማጫወቻ ምክንያት! ሉድዊግ ግን በኋላ በዓለም ላይ ስማቸው ከሚጠራ የማስተሪንግ (ያለቀውን ቅጂ ለኅትመት የማዘጋጀት ሥራ) ባለሙያዎች አንዱ ሆነ፣ ሥራ ያቆመውም በቅርቡ በ2023 ነው።

አንድ ሰብሳቢ ወዳጄ ቤት ይህን አርኤል ሙሉውን ሰምቼዋለሁ። "ሆል ሎታ ላቭ" ሲጀምር ያቺን የጊታር ምት ታውቋታላችሁ፤ ከዚያ ቤዙ ሲገባ ሶፋው ነው የሰማው፣ እኔ አይደለሁም። "ራምብል ኦን" ላይ ጆን ፖል ጆንስ ቤዝ ጊታሩን ከታች ወደ ላይ ሲወጣበት እያንዳንዷ ኖታ ክብ ሆና ትሰማለች፣ ጣቱ ክሩን ሲለቅ ሁሉ ይሰማል። የቦንሃም ከበሮ ደግሞ ከበሮ ነው፣ በቃ። ቆዳው ሲመታ፣ አየሩ ሲወጣ፣ ክፍሉ ሲመልሰው። ቤት ስመለስ የራሴን የሰባዎቹ ኅትመት አጫወትኩና አፈርኩበት። እርግጥ ድምፁ ያው ነው፣ ግን ሰውዬው ሳሎን ውስጥ ሆኖ ሳይሆን ከጎረቤት ሆኖ የሚመታ ነው የሚመስለው።

ታዲያ ምን አደረግኩ? የሚደረገውን ነዋ። ኢንተርኔት ላይ ካገኘሁት አንድ ሻጭ አርኤል ገዛሁ። ስንት እንደከፈልኩ ባለቤቴ ይህን ልታነብ ስለምትችል አልናገርም። ፎቶው ላይ ሸክላው እንደ መስታወት ያበራል፣ "አርኤል" የሚለውም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሲመጣ አጠብኩት፣ አደረቅኩት፣ መብራቱን ዝቅ አድርጌ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የሰማሁት ሽንኩርት ሲቁላላ ነው። እሺ፣ የድሮ ሸክላ ነው፣ ትንሽ ቁሌት ይኑረው። ነገር ግን ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር የሮበርት ፕላንት ጉሮሮ መቀደድ ጀመረ። ፕላንት ድሮም ይጮሃል፣ ይህ ግን የእሱ ጩኸት አይደለም። ሸክላው በዚያ ዘመን ከባድ መርፌ፣ ምናልባት ክንዱ ላይ ሳንቲም በተለጠፈበት ማጫወቻ፣ በየፓርቲው ሲታረስ የኖረ ነው። ቦዩ ተበልቷል። የተበላ ቦይ ደግሞ ዓይን አያየውም፣ ላዩ ያበራል ውስጡ አልቋል። ማጠብ አቧራ ያወጣል እንጂ ያለቀ ፕላስቲክ አይመልስም።

ቁም ነገሩ ገና ነው። ገለበጥኩት። ሁለተኛው ገጽ ላይ አርኤል የለም። ደግሜ በስልክ መብራት፣ ደግሜ በማጉያ መነጽር አየሁ፣ የለም። ሻጩ ፎቶ ያነሳው አንደኛውን ገጽ ብቻ ነበር ለካ! ስጽፍለት "ሁለቱም ገጽ ነው አላልኩም" አለኝ። አላለም፣ እውነቱን ነው። አርኤል ስትገዙ የሁለቱንም ገጽ ፎቶ ጠይቁ። እኔ በገንዘቤ የተማርኩትን በነጻ ነው የምነግራችሁ።

እንግዲህ በንዴት የ2014ቱን ድጋሚ ኅትመት ገዛሁ። የቡድኑ ጊታር ተጫዋች ጂሚ ፔጅ ራሱ የተቆጣጠረው፣ ለንደን ውስጥ ጆን ዴቪስ ማስተር ያደረገው ነው። አዲስ፣ 180 ግራም፣ ጠፍጣፋ፣ ዋጋው ከአንድ ቤተሰብ ምሳ አይበልጥም። ቴፑ መጀመሪያ ወደ ዲጂታል ተገልብጦ ከዚያ ነው የተቆረጠው፣ ይህን የሰሙ ሰዎች ገና ሳይሰሙት ይንቁታል። እኔም ንቄ ነበር የገባሁበት። ሆኖም አሪፍ ነው። ጸጥ ያለ ነው። "ሆል ሎታ ላቭ" መሐል ሁሉም ነገር ቆሞ ፕላንት ብቻውን ሲጮህ፣ ድምፁ ከመምጣቱ በፊት ከሩቅ ጥላው ይሰማል አይደል? ያ የሸክላ ስህተት አይደለም። ከሌላ ትራክ ያመለጠ ድምፅ ነው፣ ሚክስ ያደረገው ኤዲ ክሬመር ማጥፋት ሲያቅተው ማስተጋቢያ ጨምሮበት የዘፈኑ አካል አደረገው። በ2014ቱ ላይ ያ ጥላ እንደ ጭስ ሲመጣ ይታያችኋል። በእኔ አሮጌ ሸክላ ላይ ቁሌቱ ውስጥ ይጠፋል።

የጎደለው ምንድን ነው? ክብደቱ። አርኤሉ ደረት ላይ ይመታል፣ የ2014ቱ ትከሻ ላይ መታ መታ ያደርጋል። የላይኛው ድምፅ ላይም ሲምባሉ ትንሽ የጠራ፣ ትንሽ የቀጠነ ነው። ግን ከእኔ የሰባዎቹ ኅትመት ጋር አስተያይቼው ያለ ጥርጥር የ2014ቱን ነው የምመርጠው፣ "ድሮ ድሮ" የሚሉ ጓደኞቼ ይቅር ይበሉኝ። ስለ 180 ግራሙ ግን አትሸወዱ። ሸክላው ስለወፈረ ድምፁ አይወፍርም። ቦዩ ያው ቦይ ነው። ውፍረቱ እንዳይንጋደድ ይረዳ ይሆናል፣ ከዚያ ያለፈው ለዓይንና ለኪስ ነው።

ወደ "ሩመርስ" ልመለስ፣ የነገሩ መጀመሪያ እሱ ነውና።

በየካቲት 1977 የወጣ አልበም ነው፣ አብዛኛው የተቀዳው በ1976 ካሊፎርኒያ ሳውሳሊቶ ውስጥ። የዚህ አልበም ቴፕ የራሱ ሕመም አለው። ቡድኑ በዚያው ቴፕ ላይ ወራት ሙሉ ድምፅ ሲደርብ፣ ሲያጠፋ፣ ሲደግም ከረመ። ቴፕ ማለት ፕላስቲክ ላይ የተቀባ የብረት ዱቄት ነው፣ በማሽን ራስ ላይ ባለፈ ቁጥር ይረግፋል። አንድ ቀን ከበሮው ደንዝዞ ተሰማቸው። ለካ ላይኛው ድምፅ አብሮ እየረገፈ ነው! ደግነቱ የመጀመሪያው ቀረጻ ሌላ ግልባጭ ነበረው። አንድ ባለሙያ አዳርም ቢሆን በጆሮው እያመሳሰለ፣ የአንዱን ማሽን ፍጥነት በእጁ እያስተካከለ፣ የተደረበውን ድምፅ ወደ ንጹሑ ቴፕ አዛወረው። እኔ ሁለት ዩቲዩብ አንድ ላይ ማስጀመር ያቅተኛል።

የመጀመሪያው የእኔ ሸክላ የ1977ቱ አሜሪካዊ ነው፣ ካፒቶል ውስጥ ኬን ፔሪ የቆረጠው። ቀለበቷ ላይ "ኬፒ" ይላል። ሽፋኑን በጣት ስትዳስሱት ሸካራ ነው፣ ጨርቅ ይመስላል። በጣም ብዙ ስለታተመ ውድ አይደለም። ከአንድ ግቢ ሽያጭ በ5 ዶላር ነው ያገኘሁት፣ ውስጡ የባለቤቲቱ የትምህርት ቤት ማስታወሻ ነበረበት። ሁለተኛው በሰማንያዎቹ የታተመ ነው። ሦስተኛው ሁለት ሸክላ ሆኖ በ45 የሚሽከረከረው፣ ስቲቭ ሆፍማንና ኬቨን ግሬይ ከአናሎግ ቴፕ የቆረጡት ነው። ሆፍማንና ግሬይ በዚህ ሥራ ስማቸው እንደ ጥሩ ልብስ ሰፊ ነው የሚጠራው፣ ሰው ሽፋኑን ገልብጦ የሚፈልገው ስማቸውን ነው።

በ45 መሽከርከሩ ለምን ይጠቅማል? መደበኛው ሸክላ በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ ነው የሚዞረው። ዳሩ ላይ በየሴኮንዱ 50 ሴንቲሜትር ገደማ ቦይ ከመርፌው ሥር ያልፋል። መጨረሻው ዘፈን ላይ ሲደርስ ክቡ ስለሚጠብ 20 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚያልፈው። ያው ሙዚቃ ከግማሽ በታች በሆነ ቦታ ይጨናነቃል። በየገጹ መጨረሻ "ስ" እና "ሽ" የሚሉ ድምፆች የሚቆራረጡት ለዚህ ነው። በ45 ቦታው ሲሶ ያህል ይሰፋል። የ"ሩመርስ" አንደኛው ገጽ በ"ሶንግበርድ" ነው የሚያልቀው፣ ክሪስቲን ማክቪ በፒያኖ የምትዘፍነው ለስላሳ ዘፈን። ለጠባቡ ቦታ እንዲህ ያለ ዘፈን ነው የሚመቸው። ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ያለው "ጎልድ ደስት ዉማን" ግን ስቲቪ ኒክስ የምታላዝንበት ነው፣ እዚያ ላይ ነው ጉድ የሚፈላው።

እንዲህ አልኳት ባለቤቴን፦ "ነይ፣ ሳላይ አጫውቺልኝና ልለይ።" ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እሷ ከኋላዬ ሸክላ ትቀያይራለች። መጀመሪያ "ድሪምስ"። በሰማንያዎቹ የታተመውን በሦስት ሴኮንድ አወቅኩት፤ ብርድ ልብስ የለበሰ ነው፣ ሲምባሉ አቧራ ይመስላል። ግልባጭ ከግልባጭ የተቆረጠ ይመስለኛል፣ ወይም የደከመ ብረት ነው ያተመው። ሁለቱን ግን አደባለቅኩ። የ5 ዶላሩን "ይሄ የ45ቱ ነው፣ ግልጽ ነው፣ እንዴት አይታወቅም" ብዬ በልበ ሙሉነት ተናገርኩ። ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ። ለነገሩ ትንሽ አጭበርብሬ ነበር፣ የፍጥነት አዝራሩ "ቀጭ" ሲል እሰማለሁ ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ገብቷት ኖሮ በየመሐሉ አዝራሩን ያለ ምክንያት ስትጫነው ነበር። ተንኮል የት እንደተማረች እንጃ።

"ጎልድ ደስት ዉማን" ላይ ግን ሦስት ጊዜ ሞክራኝ ሦስቱንም አወቅኩ። የ1977ቱ ላይ ጩኸቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ትንሽ ይሻክራል፣ የ45ቱ ላይ ክፍት ነው፣ ከድምፁ ኋላ ያለው ክፍል ሁሉ ይታያል። "ዘ ቼን" መሐል የጆን ማክቪ ቤዝ ብቻውን ሲገባም የ45ቱ ይበልጣል፣ ያቺ ቤዝ እንደ በር ማንኳኳት ናት። ግን እውነቱን ልናገር፣ ልዩነቱ የዋጋውን ያህል አይደለም። የ1977ቱ ንጹሕ ከሆነ የ45ቱን ለመግዛት የሚያንገበግብ ነገር የለም። ደግሞ በ45 ሲሆን በየሁለት ሦስት ዘፈኑ ተነስቶ መገልበጥ አለ። ስፖርት ለሚያስፈልጋቸው እመክራለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ነኝና ይህችን ሳልናገር አላልፍም። ስቲቪ ኒክስ ለዚህ አልበም የጻፈችው "ሲልቨር ስፕሪንግስ" የሚባል ዘፈን አለ። ስሙን ያገኘችው እዚህ ሜሪላንድ በመኪና ስታልፍ ካየችው የመንገድ ምልክት ነው። አዎ፣ እኛ እንጀራና በርበሬ የምንገዛባት ሲልቨር ስፕሪንግ! ዘፈኑ ከአልበሙ ወጣ፣ ዋናው ምክንያት ርዝመቱ ነበር፣ ሸክላው ላይ መሬት አልበቃም። "ጎ ዮር ኦውን ዌይ" በ1976 መጨረሻ በትንሿ ሸክላ ሲወጣ ጀርባዋ ላይ ተደረገ። ስቲቪ ለብዙ ዓመት አልረሳችውም። እኔ በበኩሌ በሰፈሬ ስም አኩርፌያለሁ።

ጎረቤቴ ጋሼ አሥመራ ነው ያደጉት፣ ሮክን መጀመሪያ የሰሙት ከቃኘው ጣቢያ የአሜሪካኖች ሬዲዮ ነው። እሑድ እሑድ ቡና ሊጠጡ ሲመጡ ይህን ሁሉ ስነግራቸው በትዕግሥት ይሰሙኛል። አንድ ቀን "አንተ ልጅ፣ እኛ በምትንጫረር ሬዲዮ ሰምተን ነው ያበድነው፣ አንተ ምን ጎድሎህ ነው?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በኋላ የሞባይል ፊደሊቲን ታሪክ ስነግራቸው ደግሞ ስኒያቸውን አስቀምጠው ነው የሳቁት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሞባይል ፊደሊቲ በካሊፎርኒያ ያለ፣ የድሮ አልበሞችን በውድ እንደገና የሚያሳትም ቤት ነው። ገዢዎቹ ከዋናው ቴፕ በቀጥታ፣ ዲጂታል ሳይነካው የተቆረጠ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በሐምሌ 2022 አንድ የሸክላ ነጋዴ ይህን በቪዲዮ አነሳው፣ ከዚያ የቤቱ ባለሙያዎች ራሳቸው ለዓመታት መሐል ላይ ዲጂታል ፋይል እንደሚጠቀሙ ተናገሩ፣ ከ2011 ጀምሮ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ25 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። ደንበኛው የተናደደው በድብቅነቱ ነው፣ ልክ ነው፣ የሚገዙትን ማወቅ መብት ነው። የሚያስቀው ግን ሌላ ነው። "ዲጂታል ከሆነ በመጀመሪያዋ ሴኮንድ አውቀዋለሁ" ሲሉ የኖሩ፣ ቤት የሚያህል ስፒከር ያላቸው ሰዎች ከአሥር ዓመት በላይ እነዚያን ሸክላዎች "እንዲህ ነው አናሎግ!" እያሉ ሲሰሙ ነበር። ጋሼ እንባቸውን እየጠረጉ "ጠጅ ቤት ውኃ የተጨመረበትን አወቅኩ የሚል ሰው ነገር" አሉ።

ስለዚህ እኔ ከዚያ ወዲህ አናሎግ ነው ዲጂታል ነው ብዬ አልጨቃጨቅም። ማን ቆረጠው፣ ከየትኛው ቴፕ፣ ከእኔ በፊት ማን አጫወተው፣ በቃ ይኸው ነው የምጠይቀው።

በዚህ ዓይን የፒንክ ፍሎይድን "ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን" እንይ። የ1973ቱ የእንግሊዝ የመጀመሪያ ኅትመት፣ መሐሉ ላይ ድፍን ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን ያለበት፣ ሰብሳቢዎች የሚሞቱለት ነው። አልገዛሁትም፣ አልገዛውምም። ምክንያቱም ይህ አልበም በልብ ትርታ ነው የሚጀምረው፣ በጣም ዝቅ ብሎ፣ ከጸጥታ ውስጥ። እዚያ ላይ አሮጌ ሸክላ ሲንጣጣ ልቡ የሚመታው ሰውዬ ምድጃ አጠገብ ያለ ነው የሚመስለው። የእኔ የሰባዎቹ አሜሪካዊ ኅትመት እንደዚያ ነው። የ2016ቱ ድጋሚ ኅትመት፣ በርኒ ግሩንድማን የተሳተፈበት፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ቤዙም ሙሉ ነው። ሰዓቶቹ "ታይም" ላይ በአንዴ ሲጮሁ ባለቤቴ ከወጥ ቤት ወጥታ መጥታለች። ለ30ኛ ዓመቱ በ2003 ዳግ ሳክስና ኬቨን ግሬይ የሠሩትም አለ፣ እሱን በደህና ዋጋ ካያችሁ አትለፉት።

ቢትልስን በአጭሩ፦ በ2012 የወጡት ስቲሪዮዎቹ ከዲጂታል ናቸው፣ ደህና ናቸው፣ ግን ሲዲው ካላችሁ ብዙም አትጨምሩም። በ2014 የወጡት ሞኖዎቹ (ከሁለቱም ስፒከር አንድ ዓይነት ድምፅ የሚወጣባቸው) ከቴፕ በቀጥታ የተቆረጡ ናቸው፣ እነሱ ነፍስ ናቸው፣ ዋጋቸው ግን ከወጡ ወዲህ ሽቅብ ነው።

መራቅ ያለባችሁ ደግሞ ከየትኛው ቴፕ እንደተሠራ፣ ማን እንደቆረጠው የትም ያልተጻፈበት፣ ሽፋኑ ከሌላ ሽፋን ፎቶ የተነሳ የሚመስል ርካሽ ሸክላ ነው። ከሲዲ ተገልብጦ የተቆረጠ ይሆናል። እንዲህ ያለ አንድ ገዝቼ ነበር፣ ፊደሎቹ ራሱ ደብዝዘዋል። አሁን የአበባ ማሰሮ ሥር ነው ያለው፣ ውኃ አያሳልፍም፣ በዚያ በኩል አላማርርም።

አባቴ ከአዲስ አበባ ያመጣቸው የአምሃ ሪከርድስ ትንንሽ ሸክላዎችም አሉኝ። ቡና ቤት ውስጥ የተጫወቱ ናቸው፣ ቁሌታቸው ከዘፈኑ ይበልጣል። እነሱን በማስተሪንግ አልመዝናቸውም። እነሱ ሌላ ናቸው።

እና የትኛውን ልግዛ ላላችሁኝ፦ ለ"ሩመርስ" ንጹሕ የ1977 "ኬፒ" ፈልጉ፣ በ20 ዶላር አካባቢ ካገኛችሁ ጨርሳችኋል። ለ"ሌድ ዜፔሊን 2" የ2014ቱን ግዙ፣ አርኤልን ወዳጅ ቤት ሄዳችሁ ስሙ። ለፒንክ ፍሎይድ የ2016ቱን። የተረፋችሁን ገንዘብ መርፌ ላይ አውሉት፤ እኔ መርፌ ስቀይር የገጽ መጨረሻ ላይ ያሉ ዘፈኖች ያገኙት ለውጥ፣ ሸክላ በመቀየር ካገኘሁት ይበልጣል። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ሦስተኛው "ሩመርስ" ባልተገዛ ነበር።

አንደኛው ገጹ አርኤል የሆነው፣ ሁለተኛው ያልሆነው ሸክላዬ አሁንም አለ። ሁለተኛ ገጹ አርኤል ሆኖ አንደኛው ያልሆነ ሸክላ ያለው የዚህ አካባቢ ሰው ካለ ይጻፍልኝ። አንድ ላይ አንድ ሙሉ አለን። ዶሮ ወጥ በእኔ፣ ማጫወቻውም በእኔ፣ ከሦስት ሰዓት በፊት እስከመጣችሁ ድረስ።